ዝርያዋን ጠይቁ፣ ጠባይዋን ግን ራሳችሁ እዩ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ የመግሪብ አዛን ካለቀ በኋላ፣ ባትሪ በአፌ ነክሼ የጎረቤቴ አቮካዶ ዛፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። ያየኝ ሰው ሌባ ነው ብሎ ቢጮህ አልፈርድበትም። ከላይ አንዲት ነጭ ሌግሆርን ዶሮ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁልቁል ታየኛለች። እኔ አንድ ቅርንጫፍ ስወጣ እሷ ሁለት ትወጣለች። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በመጨረሻ እኔ ወረድኩ፣ እሷ ቀረች። ጠዋት ዛፉ ሥር ጥቂት ነጭ ላባ አገኘን። ሸለምጥማጥ ይሁን ጥሪኝ አላውቅም፣ ብቻ በልቷታል።

ያቺ ዶሮ መጥፎ ዶሮ አልነበረችም። እንዲያውም ከነበሩኝ ሁሉ አንደኛ ጣይ እሷ ነበረች። በሳምንት አምስት ስድስት ነጭ እንቁላል፣ ሰበብ ሳታበዛ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስገዛት «ስንት ትጥላለች?» ብዬ ጠየቅኩ። ጠባይዋን አልጠየቅኩም። ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ውስጥ፣ በቆርቆሮ በታጠረች ሚጢጢ ግቢ፣ ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ ባሉበት ቤት ለምትኖር ዶሮ ግን የጠባይ ጥያቄ ከእንቁላል ጥያቄ ይቀድማል። ይቺን ለመረዳት ሦስት ዓመትና ብዙ ዶሮ ፈጅቶብኛል፣ እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ «ንጹህ ዝርያ» የሚለውን ነገር እናጥራው፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ በጣም ይቀለድበታል። ሻጩ ቀይ ዶሮ ከያዘ «ሮድ አይላንድ ናት» ይላችኋል። ነጭ ከያዘ «ሌግሆርን»። በቃ፣ ቀለሙ ስም ሆኖ ያርፋል። ንጹህ ዝርያ ማለት ግን እናትና አባት አንድ ዓይነት ሆነው፣ የሚፈለፈለውም ጫጩት ሲያድግ ያንኑ ሲመስል ነው። በመልክ፣ በክብደት፣ በእንቁላሉ ቀለም፣ በጠባይም ጭምር። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጭ ሌግሆርን፣ ፋዩሚ፣ ኮኮክ እንደዚህ ናቸው። ቦቫንስ ብራውን፣ ሎህማን ብራውንና ሳሶ ግን አይደሉም። እነዚህ ድቅሎች ናቸው።

የጅማ ሰው ነኝና በቡና ላስረዳ። ከመልኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን 74110 የተባለ የቡና ዝርያ የተከለ ገበሬ፣ ከራሱ ዛፍ ዘር ለቅሞ ችግኝ ቢያፈላ የሚያገኘው ያንኑ 74110 ነው ማለት ይቻላል። አባቡና ግን ድቅል ነው። ከአባቡና ዛፍ ለቅሞ ቢያፈላ አንዱ ችግኝ ወደ እናቱ፣ አንዱ ወደ አባቱ፣ አንዱ ወደ ማንም ሳይሄድ ይቀራል። ቦቫንስም እንደዚያ ናት። ከጀርባዋ በየፊናቸው ለብዙ ትውልድ የተመረጡ አራት የዘር መስመሮች አሉ። እነሱ ሁለት ሁለት ሆነው ይዳቀላሉ፣ ከዚያ ልጆቻቸው እንደገና ይዳቀላሉ፣ መጨረሻ ላይ እኛ ቤት የምትመጣው ትወለዳለች። ጎበዝ ናት፣ በደንብ ከተያዘች በዓመት 300 እንቁላል ገደማ ትጥላለች። ግን የእሷን እንቁላል አስታቅፋችሁ ሌላ ቦቫንስ አታገኙም። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው ነው፣ ልዩነቱ በቅሎ አይወልድም፣ ቦቫንስ ግን ትወልድና ታስገርማችኋለች።

እኔን አስገርማኛለች። አንድ ሰው «ንጹህ ሮድ አይላንድ» ብሎ ስምንት የ45 ቀን ጫጩት ሸጠልኝ። ሁሉም ቀላ ያሉ ነበሩ፣ ደስ አለኝ። አራት ወር ሲሞላቸው ሁለቱ ጭራቸው ነጭ ሆነ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ገረጣ። አንዷ እንደ ቄጤማ የቀጠነች፣ ሌላዋ እንደ በግ የደነደነች። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ብዬ ማንንም ላሳምን አልችልም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፣ ሰውዬው ቦቫንሶቹን ከአውራ ጋር አንድ ላይ አሳድሮ እንቁላሉን አስፈልፍሏል። ምናልባት እሱም አላወቀም ይሆናል፣ ክፋት ነው አልልም። ግን እውነተኛ ሮድ አይላንድ እንዴት እንደሚለይ ባውቅ ኖሮ አልሸወድም ነበር። ቀለሟ የተጠበሰ ቡና የሚያስታውስ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ጭራዋ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ላይ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፣ እግሯ ቢጫ ነው። ላባዋን ገልጣችሁ ከሥር ስታዩት ቀይ ነው። የድቅሎቹ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ነጣ ይላል፣ ጭራቸው ላይም ነጭ ጣል ጣል ያለበት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ንጹህ ከሆኑ ስምንቱም ይመሳሰላሉ። አንዷን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ እህቶቿን አሳዩኝ በሉ።

ታዲያ ንጹህ ዝርያ የግድ ነው ወይ? የግድ አይደለም። እንቁላል ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ማስፈልፈል የማትፈልጉ ከሆነ፣ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ቄብ ለመግዛት አቅምና ፍላጎት ካላችሁ ድቅሏን ግዙ። ጠባይዋም ብዙውን ጊዜ ጨዋ ነው። ንጹህ ዝርያ የሚያስፈልገው ከራሳችሁ ዶሮ ላይ ዶሮ ማፍራት ስትፈልጉ ነው፣ ያኔ የዘንድሮውን እያያችሁ የከርሞውን መገመት ትችላላችሁ። ጠባይን ጨምሮ። የኔ ጽሑፍ ለነዚህኞቹ ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ ጉዳይ ለጅማ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን ወደ አገራችን ሲገቡ ከተቀበሏቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ጅማ ነው። ሌላው ዓለማያ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሆነው ግቢ ያኔ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተ። ስለዚህ «የፈረንጅ ዶሮ» እዚህ ከተማ ከብዙዎቻችን በፊት ነው የገባው። ሂርማታ ገበያ ላይ «የሀበሻ ናት፣ ንጹህ ሉኩ» (ሉኩ በኦሮምኛ ዶሮ ነው) ተብላ የምትሸጥ ዶሮ ውስጥ የነዚያ እንግዶች ደም ቢኖርባት አይገርመኝም።

አሁን ወደ ጠባይ።

ሰው ስለ ዶሮ ጠባይ ሲወራ ይስቃል። ዶሮ ምን ጠባይ አላት፣ ትጠቃቅማለች፣ ትተኛለች ይላል። ግን እስቲ አስቡት። ፈሪ ዶሮ ነጎድጓድ በሰማች ቁጥር፣ ልጅ በሮጠ ቁጥር፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ትበረግጋለች። ስትደነግጥ እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ ታቆየዋለች። ያ እንቁላል ሲወጣ ቅርፊቱ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ወይ ቅርጹ ይጣመማል። ቡናማ ጣይ ከሆነች ቀለሙ ይገረጣል። ማታ ቤት ውስጥ ከደነገጡ ደግሞ ሁሉም አንድ ጥግ ይሮጡና ይደራረባሉ፣ ከሥር ያለችው ታፍና ትሞታለች። በመበርገግ የምታቃጥለው ደግሞ መኖ ነው፣ መኖ ደግሞ ብር ነው። ስለዚህ ጠባይ ለጌጥ የሚታይ ነገር አይደለም፣ ከእንቁላሉና ከወጪው ጋር የተያያዘ ነው።

ጨዋ ዶሮ ሰነፍ ጣይ ናት የሚሉም አሉ። አይ። በ365 ቀን 364 እንቁላል ጥላለች ተብላ ስሟ የሚነሳው ዶሮ አውስትራሎርፕ ናት፣ አውስትራሎርፕ ደግሞ ከጨዋዎቹ ጨዋ ናት። ጥቁር በመሆኗ ብቻ እኛ ገበያ ላይ ማንም አያያትም እንጂ።

እስቲ አንድ በአንድ። ሌግሆርን ስሟን ያገኘችው ሊቮርኖ ከሚባል የጣሊያን ወደብ ነው። ቀላል ናት፣ ሁለት ኪሎ ገደማ፣ ትንሽ በልታ ብዙ ትጥላለች። ግን ነርቯ ቀጭን ነው። ትበራለች፣ ትጮኻለች፣ ስትያዝ ዓለም ያለቀ ይመስላታል። እንቁላል መታቀፍም አትወድም። ሰፊ ግቢና ከላይ የተሸፈነ አጥር ያለው ሰው ይያዛት። የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባዎች መቁረጥ ይረዳል፣ አንዱን ብቻ፣ ሚዛኗን ስለሚያስታት። እኔ ይሄን የተማርኩት ከአቮካዶው ታሪክ በኋላ ነው።

ፋዩሚ የግብጽ ልጅ ናት፣ ከካይሮ ደቡብ ምዕራብ ካለው ፋዩም። አንገቷ ብርማ፣ ገላዋ ጥቁርና ነጭ ጠቃጠቆ። በሽታ ቶሎ አይጥላትም፣ ጭልፊት ከሌላው ቀድማ ታያለች፣ ምግቧን ራሷ ፈልጋ ታድራለች። ቶሎም ትደርሳለች። ገጠር፣ ሰቃ መንገድ ላይ ሰፊ ጓሮ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ፋዩሚ ያዝ እለዋለሁ። ከተማ ውስጥ ግን ተዉት። ሲዘጋባት አትወድም፣ እጅ ስትነኳት የምታሰማው ጩኸት ደግሞ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ጎረቤቴ አንድ ጊዜ «ምን እያረዳችሁ ነው በሌሊት?» ብለውኛል። እኔ ክትባት እየሰጠሁ ነበር።

ሮድ አይላንድ ሬድ ረጋ ያለች ናት። ከባድ ናት፣ ሴቷ ሦስት ኪሎ ትጠጋለች፣ አጥር አትዘልም። ቡናማ እንቁላል ትጥላለች። ለቤት በጣም ትስማማለች፣ ግን ከሌሎች ጋር ስትደባለቅ አለቃ መሆን ትወዳለች። አውራው ደግሞ አንዳንዴ ተደባዳቢ ይወጣል። ስለ አውራ ለብቻው እመለስበታለሁ፣ ቂም አለኝ።

ኮኮክ የኔ ምርጫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቼፍስትሩም የሚባል ከተማ ውስጥ ጥቁር አውስትራሎርፕን፣ ነጭ ሌግሆርንንና ሽንትር ያለውን ፕሊማውዝ ሮክን አዳቅለው ለብዙ ትውልድ መርጠው ያወጧት ናት። አሁን ራሷን የቻለች ዝርያ ሆናለች፣ ጫጩቷም እሷን ይመስላል። የኛ ሰው «ገብስማ» ይላታል፣ ጥቁርና ነጭ ሽንትር በሽንትር ናት። ጠባይዋ ልክ ነው። ሰው ስትመጡባት ትንሽ ገለል ትላለች እንጂ ግድግዳ አትወጣም። ጓሮ ስትለቋት ትጭራለች፣ ስትዘጉባት ዝም ብላ ትቀመጣለች። አንድ ተጨማሪ ጥሩ ነገር አላት። ጫጩቶቿ እንደተፈለፈሉ ወንድና ሴት መለየት ይቻላል። ሁሉም ጥቁር ናቸው፣ አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ አለች። ወንዱ ነጥቡ ሰፋ፣ ቀለሙም ገርጣ ያለ ነው። የሴቷ ነጥብ ትንሽ፣ ገላዋ ጠቆር ያለ። ሁልጊዜ መቶ በመቶ ባይሆንም ይሠራል።

የሀበሻዋስ? የሀበሻ ዶሮ አንድ ዝርያ አይደለችም፣ እንደየአካባቢው ትለያያለች። የሆሮ ዶሮ ለምሳሌ ከወለጋ ናት፣ ደብረ ዘይት ባለው የምርምር ማዕከል ለዓመታት ተመርጣ እንቁላሏም ክብደቷም ተሻሽሏል። ተራዋ የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፣ ይሄ እውነት ነው። ግን እናትነቷን ማን ያህላታል? የፈረንጆቹ አብዛኞቹ መታቀፍ ረስተዋል። እኔ ቤት ስትታቀፍ የምታድረው አንዲት ወሰራ የሀበሻ ዶሮ አለች፣ ሌሎቹ ይጥላሉ፣ እሷ ታቅፋ ታወጣላቸዋለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እዚህ ከተማ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቅም። ግማሹን ዓመት ዶሮዋ ቤት ውስጥ ናት ማለት ነው። ስለዚህ «ጓሮ ውስጥ ምን ትመስላለች?» ብቻ ሳይሆን «ተዘግታ ምን ትሆናለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠባብ ቤት ውስጥ እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የቆመ ዶሮ ሥራ ሲፈታ የጓደኛውን ላባ መንቀል ይጀምራል። ደም ካየ ደግሞ አይመለስም፣ እስኪበላላ ድረስ ይደርሳል። በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ወይ ከአምስት በላይ አታስገቡ። ጉዝጓዙ ሰጋቱራም ይሁን የቡና ገለፈት ደረቅ ይሁን፣ የሻገተ ገለፈት ግን ይቅርባችሁ። አንድ ጎመን በገመድ አንጠልጥሉላቸው፣ እየዘለሉ ሲነክሱት ይውላሉ፣ የሰው ላባ ይረሳሉ። የሰው አልኩ እንዴ? የጓደኛ።

ይሄ መነካከስ ሁሉ ግን በሽታ አይደለም፣ ሥርዓትም አለው። ከ100 ዓመት በፊት ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ የሚባል ኖርዌያዊ ዶሮዎችን ቁጭ ብሎ እያየ ማን ማንን እንደሚነክስ መዘገበ። አለቃዋ ሁሉንም ትነክሳለች፣ ሁለተኛዋ ከአለቃዋ በቀር ሁሉንም፣ እየወረደ ይሄዳል፣ የመጨረሻዋ ማንንም አትነክስም። መስመሩ አንዴ ከተያዘ ቤቱ ሰላም ነው። አንዲት አዲስ ዶሮ ስትጨምሩ ግን ሁሉም ተራ እንደገና ይከፈታል። ስለዚህ አንድ ብቻዋን አታስገቡ፣ ሁለት ወይ ሦስት አድርጉ። ማታ ቆጥ ላይ ካደሩ በኋላ አስገቡ። ረጋ ያሉ ዝርያዎችን ከኃይለኛ ጋር ስትደባልቁ ሁለት የመኖ ዕቃ በሁለት ጥግ አድርጉ፣ አለቃዋ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መጠበቅ አትችልም።

እሺ፣ ግዢ ላይ ነን እንበል። ሻጩ ቤት ሄዳችኋል (ሻጩ ቤት፣ ገበያ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ)። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ግቢው ውስጥ ገብቼ ሰላም ብዬ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ሻጩ ሊይዝልኝ ሲሮጥ «ቆይ፣ ተዋቸው» እለዋለሁ። ሦስት አራት ደቂቃ። ከዚያ ቁጢጥ ብዬ ትንሽ የበቆሎ ክክ መሬት ላይ እበትናለሁ። መጀመሪያ የሚመጡትን በዓይኔ ይዣለሁ። መጨረሻ የሚመጡትንም። እስከ መጨረሻ የማትመጣው ወይ ታማለች ወይ ፈሪ ናት፣ ሁለቱንም አልፈልግም። በጣም ቀድማ መጥታ ሌሎቹን እየነከሰች የምታባርረዋንም አልፈልግም። ሁለተኛ ሦስተኛ ሆና የመጣችው፣ ጎንበስ ብላ የምትለቅመው፣ ቀና ብላ አንዴ አይታኝ ወደ ክኳ የምትመለሰው፣ እሷን አምጣልኝ እላለሁ።

ስትያዝ መጮኋ አያስፈራም፣ ማንም ሲያዝ ይጮኻል። ጥያቄው መቼ ዝም ትላለች ነው። ደረቴ ላይ ክንፏን ሰብስቤ እይዛትና እቆጥራለሁ። ጨዋዋ ከሃያ ሠላሳ ቁጥር በፊት ትረጋጋለች። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴም አለ። ዶሮዋን በጀርባዋ አስተኝተው እጃቸውን ቀስ ብለው ያነሳሉ። የሞተች መስላ ትደርቃለች። ቶሎ ተገልብጣ የምትነሳው ፍርሃቷ ትንሽ ነው፣ ለብዙ ደቂቃ ደርቃ የምትቀረው በጣም ፈሪ ናት። ሻጩ ሲያየኝ ጠንቋይ መሰልኩት መሰለኝ፣ ግን ይሠራል። የደረቀችዋን «ገራም ናት» ብላችሁ እንዳትገዙ ብቻ። ዝምታዋ የመረጋጋት አይደለም።

ከዚያ ገላዋን ነው። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ አፍንጫዋ ደረቅ፣ ደረቷ ላይ ያለው አጥንት ቀጥ ያለና እንደ ቢላ ያልሾለ። ክንፏን ገልጡ፣ ቂጧ ዙሪያ ያለውን ላባ ገልጡ፣ ቅማል እዚያ ነው የሚደበቀው። ጆሯችሁን ጀርባዋ ላይ አስጠጉ፣ ትንፋሿ ካንኳረረ መልሷት። የምትጥል ናት ከተባለች ኩክኒዋ፣ አናቷ ላይ ያለው ያ ቀዩ ሥጋ፣ ደማቅና ለስላሳ ነው። እንቁላል መውጫዋ ሰፊና እርጥብ ነው። ከሥሩ ሁለት ሹል አጥንቶች አሉ፣ በመካከላቸው ሁለት ወይ ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፣ አንድ ጣት ብቻ ከገባ ሻጩ ነው የሚጥለው። ቢጫ እግር ያላቸው ዝርያዎች ላይ ሌላ ምልክት አለ። ዶሮዋ ብዙ ስትጥል ቢጫው ወደ አስኳል ይሄዳል። መጀመሪያ እንቁላል መውጫዋ ዙሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ የዓይኗ ዙሪያ፣ ከዚያ መንቁሯ፣ መጨረሻ እግሯ። እግሯ የገረጣ አሮጊት የምትመስል ዶሮ ብዙ የጣለች ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፣ እግሯ ብርቱካን የመሰለው ቆንጆዋ ግን ለወራት ምንም አልሠራችም። ይሄን የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ ቆንጆዋን ነው የሚገዛው።

ይሄ ከበዓል ገበያ ልማዳችን ጋር ይጋጫል፣ አውቃለሁ። ለበዓል ስንገዛ ቀለም ነው የምናየው። ቀይ ነው፣ ወሰራ ነው፣ ኩክኒው ድርብ ነው፣ ይከብዳል፣ በቃ። ድስት ለሚገባ አውራ ጠባይ ማን ይጠይቃል። ለማርባት ስትገዙ ግን ያንን ዓይን ቤት ትታችሁ ውጡ።

አውራው ጋ ደረስን። አውራ የቤቱ ግማሽ ነው። ስምንት ወይ አሥር ሴት አንድ አውራ ካላቸው፣ የሚፈለፈለው እያንዳንዱ ጫጩት ግማሽ ደሙ የእሱ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል። እኔ አንድ በጣም የሚያምር ሮድ አይላንድ አውራ ነበረኝ፣ ላባው ሲያበራ ፎቶ እያነሳሁ ለዘመድ እልክ ነበር። ሰባት ወር ሲሞላው ትንሿ ልጄን ጀርባዋ ላይ ዘሎ መታት። ሕፃን ናት፣ ነክታው ይሆናል አልን። በሳምንቱ ደገመ። ጥፍሩ ከዓይኗ ሥር ነው ያረፈው፣ ለትንሽ ነው የተረፈችው። የሚገርመው ጫጩት ሆኖ እጃችን ላይ ያደገ ነው፣ ምናልባትም ለዚያ ነው ሰው የማይፈራው። ለእሁድ ወጥ ሆነ። ግን ከሱ የተፈለፈሉትን ሦስት አውራዎች ያዝኳቸው፣ ልጆች ናቸው ምን አጠፉ ብዬ። ሁለቱ እንደ አባታቸው ሆኑ። አሁን ሕግ አለኝ፣ ሰው ላይ የዘለለ አውራ ዘሩም አይቀርም። ጥሩ አውራ ማለት ምግብ ሲያገኝ ሴቶቹን የሚጠራ፣ ጭልፊት ሲያይ የሚያስጠነቅቅ፣ እናንተ ስትገቡ ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ በጎን የሚያያችሁ ነው።

አውራውን በየዓመቱ ቀይሩ። የራሳችሁን ጫጩት አሳድጋችሁ ከእህቶቹ ጋር ካኖራችሁ የሥጋ ዘመድ ጋብቻ ነው። እንቁላሉ አይፈለፈልም፣ የተፈለፈለውም ደካማ ነው፣ ንጹህ ዝርያ ያዝኩ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ነው። ከሌላ ሰፈር ያው ዝርያ ካለው ሰው ጋር አውራ ተለዋወጡ። እኔ ከአጂፕ ካለ ጓደኛዬ ጋር እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ብር የለ ምን የለ።

ገበያስ ለምን አልኩ? ሐሙስ ሂርማታ ብትሄዱ ዶሮው እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነው የሚመጣው። እንደዚያ ሆኖ ጠባይ የሚያሳይ ፍጡር የለም። ዋናው ግን ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ዶሮ የሞተበት ሰው የቀሩትን ምን ያደርጋል? ገበያ ያወጣል። በተለይ ዝናብ ሲጀምርና በዓል ሲቃረብ። የገዛችሁት ጤነኛ መስሎ ቤት ይገባና በሳምንቱ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። ከገበያ ከገዛችሁ የግድ ሁለት ሳምንት ለብቻ አኑሩ፣ የምትመግቡበትን ዕቃም ለዩ፣ ጫማችሁንም። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ ግን አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከተከፈተ በኋላ አይቀመጥም። ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ በአንድ ቀን ስጡ። ፋዩሚ ካላችሁ ጎረቤቱን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ።

ስለ ጠባይ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሁሉም በዘር አይመጣም። ጫጩት ፍርሃትን ከእናቱም ይማራል። እናት ሰው ስታይ እየጮኸች ከሸሸች ልጆቿ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያው ናቸው፣ ዝርያቸው ኮኮክም ቢሆን። ለዚህ ነው ወሰራዋን የማስታቅፋት፣ ከእጄ ላይ ነው የምትበላው። በየቀኑ ለትንሽ ደቂቃ እጅ የነካቸው ጫጩቶችም ካደጉ በኋላ ፍርሃታቸው ያነሰ ነው። ልጆቼ ይሄን ሥራ ሳልለምናቸው ይሠሩልኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት 12 የኮኮክ እንቁላል ሥሯ አደረግሁላት። ትናንት፣ በ21ኛው ቀን፣ ዘጠኙ ወጡ። ማታ ኩራዝ አስጠግተን አናታቸውን እያየን አምስት ሴት፣ አራት ወንድ ብለናል። እርግጠኛ ያልሆንኩባት አንዲት አለች። ዛሬ ጠዋት ትንሿ ልጄ እጇን ወደ ሳጥኑ ስትሰድ ሰባቱ ጣቷን ሊጠቅሙ መጡ፣ ሁለቱ ግን እናታቸው ክንፍ ሥር ገቡ። ገና የአንድ ቀን ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ብቻ የሁለቱ እግር ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ።